ለእናቴ የልብስ ስሞችን በእንግሊዝኛ ከየት ጀምሬ ላስተምራት?

የእናቷ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ስምንት ወር ሆኗታል። አማርኛ አቀላጥፋ ታነባለች፣ ዳዊቷንም በየማለዳው ትደግማለች፤ የእንግሊዝኛን ፊደል ግን ገና በመለየት ላይ ናት። ባለፈው ወር በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኘችና ሁላችንም ደስ አለን።

ሥራ በምትጀምርበት ዋዜማ ኃላፊዋ ደውላ ጥቁር «ፓንትስ» ለብሳ እንድትመጣ ነገረቻት። እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለማንም ምንም ሳትናገር አደረች፤ በማግስቱም ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የሚወርደውን ጥቁር ጉርድ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ምክንያቱን ሳያስረዷት ከበር መለሷት። ማታ ከሥራ ስገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና ደጋግሜ ብጠይቃት፣ «የማላውቃት ሴት ስለ ውስጥ ልብሴ ቀለም ምን አገባት?» አለችኝ። አሜሪካኖች «ፓንትስ» የሚሉት ሱሪን እንደሆነ ሳስረዳት ዕንባዋ መጣ። አሁን ሥራዋ ላይ ናት፤ ያ ቀን ግን ከውስጧ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ስድሳ የልብስ ስሞችን ከነሥዕላቸው አትሜ ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጠፍሁላት። ማታ ትሸመድደዋለች፣ ጠዋት ይጠፋባታል። ስሕተቱ የእኔ ይመስለኛል። ልምድ ያላችሁ ከየት መጀመር እንዳለብኝ ብትነግሩኝ፣ ቃላቱንም ራሷ ማንበብ እንድትችል በእኛው ፊደል ብትጽፉልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መምህርት ዘወሎ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል

ውድ እህቴ፣ በመጀመሪያ ለእናትዎ ያለኝን አክብሮት ይድረስልኝ። እንግሊዝኛን ለጀማሪዎች ለረጅም ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ስድሳ ስም በአንድ ወረቀት ላይ የደረደረ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ውጤት እርስዎ ያዩትን ነው። ስም ብቻውን መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ከስሞቹ በፊት አንድ ግስ ያስተምሯቸው፤ እርሱም «ዌር» ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። በአማርኛ ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይደረጋል ወይም ይጫሙታል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ሰዓት ይታሰራል፣ ጓንት ይጠለቃል፣ ኩታ ይደረባል፣ ነጠላ ይከናነቡታል። ይህ ሁሉ የቋንቋችን ሀብት ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን እንቅፋት ይሆናል፤ ተማሪው «ጫማ አደረግሁ» ለማለት «አደረግሁ» የሚለውን ቃል በቀጥታ ይፈልግና ማንም የማይረዳው ዐረፍተ ነገር ይሠራል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ «ዌር» ይላቸዋል። መነጽርም፣ ቀለበትም፣ ሽቶም ሳይቀር በ«ዌር» ይሄዳሉ። እናትዎ ይህን ሲያውቁ ሸክማቸው በአንድ ጊዜ ይቀላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ተማሪዎቼን ያደናገረ ነው። እኛ «ቀይ ሸሚዝ ለብሷል» ስንል ሰውየው አሁን ሸሚዙ ገላው ላይ አለ ማለታችን ነው። «እየለበሰ ነው» ስንል ደግሞ እጁን በእጅጌው ውስጥ እያስገባ ነው። እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ሬድ ሸርት» ይለዋል፤ ሁለተኛውን «ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ሬድ ሸርት» ይለዋል። መጨረሻው ላይ «ኢንግ» የሚል ድምፅ የሰማ ጀማሪ ሁሉ የእኛን «እየ» ያስባልና «ኢዝ ዌሪንግ»ን «እየለበሰ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ በር ላይ ቆመው ኮትዎን ሲለብሱ «አይ አም ፑቲንግ ኦን ማይ ኮት» ይበሉ፤ ለብሰው ከጨረሱ በኋላ ቀጥ ብለው ቆመው «አይ አም ዌሪንግ ማይ ኮት» ይበሉ። ሲያወልቁም «አይ አም ቴይኪንግ ኦፍ ማይ ኮት»። ሦስት ቀን እንዲህ ካደረጉ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው የቁጥር ነገር ነው። በአማርኛ «አንድ ጫማ ገዛሁ» ያለ ሰው ሁለቱንም እግር ገዝቷል፤ በእንግሊዝኛ «ኤ ሹ» ያለ ሰው ግን ለአንድ እግር ብቻ ገዝቷል። ጥንዱ «ሹዝ» ነው፤ ካልሲም «ሶክስ»፣ ጓንትም «ግላቭዝ»። ሱሪ ደግሞ ሁለት እግር ስላለው ይመስላል ሁልጊዜ ብዙ ነው፤ «ትራውዘርዝ»፣ «ፓንትስ»፣ «ጂንስ»፣ «ሾርትስ» የሚባሉት ሁሉ የነጠላ መልክ የላቸውም። አንዱን ለመቁጠር የግድ «ኤ ፔር ኦፍ» ማለት ያስፈልጋል።

የለንደን ነዋሪ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

የእናትሽን ታሪክ ሳነብ ልቤ ተነካ። በአንድ ነገር ግን እንድታጽናኛቸው እወዳለሁ፤ እሳቸው አልተሳሳቱም። እዚህ ብሪታንያ ውስጥ «ፓንትስ» ማለት ልክ እሳቸው እንዳሰቡት የውስጥ ሱሪ ነው። የእኛም «ፓንት» ይህንኑ ትርጉም ይዟል። ኃላፊያቸው ለንደን ውስጥ ብትሆን ኖሮ «ትራውዘርዝ» ትል ነበር። ይህን ይንገሯቸው፤ የተማሩት ትክክል እንደነበረ ማወቅ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው።

እንደዚህ ያሉ ሌሎችም አሉ። «ቬስት» እዚህ ካናቴራ ነው፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ ከሸሚዝ በላይ፣ ከኮት በታች የሚለበሰው ሰደርያ ነው። ሹራብን እዚህ «ጃምፐር» ይሉታል፣ እናንተ ዘንድ «ስዌተር» ነው። ስፖርት ጫማ እዚህ «ትሬይነርዝ»፣ እዚያ «ስኒከርዝ» ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ወገን ከሥር ከሥሩ ልማር ቢል ይምታታበታል፤ እናትሽ የሚኖሩበትን አገር አነጋገር ብቻ ቢይዙ ይበቃል።

ከጅዳ የተመለሰች | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

እኔም የራሴን ላካፍል። ጅዳ በሰው ቤት በሠራሁበት ጊዜ፣ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት ልጁን ለትምህርት ቤት እያዘጋጀሁ ሳለ እመቤቲቱ ከሌላ ክፍል «ሹራብ አምጪ» የሚመስል ነገር ጮኸች። ሮጬ የልጁን ወፍራም ሹራብ ይዤ መጣሁ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ያቃጥል ነበር። ልጁ በባዶ እግሩ ወለሉ ላይ ቆሞ ጫማውን በእጁ ይዞ ያየኛል፤ እርሷም ሹራቡን ከእጄ ነጥቃ ወረወረችው። በዐረብኛ ቃሉ ካልሲ ማለት እንደሆነ የነገረችኝ ጎረቤት ቤት የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። «ቀሚስ»ም እንዲሁ እዚያ የወንድ ሸሚዝ ነው።

ይህን የማነሣው እንግሊዝኛ ስማርም የጠቀመኝ ያ ትምህርት ስለሆነ ነው። ከእኛ ቃል ጋር በድምፅ የሚመሳሰል የልብስ ስም ሲገጥመኝ ልብሱን በእጄ ይዤ ሳላረጋግጥ አላምነውም። ለእናትሽም የምመክረው ይኸው ነው፤ ከግድግዳው ላይ ወረቀቱን አንሺና ቁም ሣጥኑን ክፈችላቸው። እኔ ቃላቱን የያዝኩት የታጠበ ልብስ ሳጥፍ ነበር፤ እያንዳንዱን ከቅርጫቱ ሳነሣ ስሙን እጠራለሁ፣ አጥፌ ሳስቀምጥ እደግመዋለሁ። የእጅ ሥራ ያስተማረኝን ቃል እስካሁን አልረሳሁም።

ልብስ ሰፊው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

እህቴ፣ እኔ መምህር አይደለሁም፤ መርካቶ ውስጥ ልብስ ስሰፋ ኖሬ አሁን በሜሪላንድ በአንድ የልብስ ማስተካከያ ቤት እሠራለሁ። ከጅዳ የተመለሰችው እህታችን ያነሣችው ነገር በሙያዬ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው።

የልብስ ስሞቻችን ብዙዎቹ የውጭ ቃላት ናቸውና ሰው «ይህ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ያስባል። ነገር ግን ካልሲ፣ ጓንት፣ ሻርፕ፣ ካናቴራ፣ ማሊያ፣ ቱታ፣ ኮሌታ የመጡት ከጣልያንኛ ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው ወረራ በሰፊዎች ቋንቋ ላይ ያሳረፈው ዱካ ቀላል አይደለም። ሸሚዝ የፈረንሳዮች ነው። ሱፍ የዐረቦች ነው። እነዚህን ይዞ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዘንድ የሄደ ሰው አይሰማም፤ ከዚያም የሚብሰው ሌላ ነገር ሆኖ መሰማቱ ነው። «ሻርፕ» በእንግሊዝኛ ስለታም ማለት ነው፣ የአንገቱ ልብስ «ስካርፍ» ይባላል። «ሸሚዝ» የሚል ድምፅ ያለው ቃል እንግሊዝኛ ውስጥም አለ፤ ግን የሴት ስስ የውስጥ ልብስ ስም ነው። ወንዶች ለሠርግ የሚለብሱት ሙሉ ሱፍ «ሱት» ነው።

ከሁሉም በላይ ከደንበኞቼ ጋር የሚያጣላኝ ኮት ነው። እኛ ኮት የምንለው የሱፉን የላይኛ ክፍል ነው፤ እርሱን እንግሊዝኛው «ጃኪት» ይለዋል። እንግሊዝኛው «ኮት» የሚለው ደግሞ እኛ ካፖርት የምንለውን፣ በክረምት ከሁሉ በላይ የሚደረበውን ነው። አንድ አባት በስልክ የኮታቸውን እጅጌ ማሳጠሪያ ዋጋ ጠይቀው ባልደረባዬ የካፖርት ዋጋ ነገራቸው፤ ውድ ነው ብለው ቀሩ። ቆይቶ ልጃቸው ሲመጣ ነው ነገሩ የተፈታው።

እናትሽ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለሚሠሩ ከልብሱ ስም እኩል የልብሱን ክፍሎች ስም ማወቅ ያስፈልጋቸዋል፤ ምክንያቱም እድፍም ቅዳጅም የሚገኘው እዚያ ነው። እጅጌ «ስሊቭ»፣ ኮሌታ «ኮለር»፣ ኪስ «ፖኬት»፣ ዚፕ «ዚፐር»፣ የታችኛው እጥፋት «ሄም» ነው። በቁልፍ ላይ ግን ይጠንቀቁ። በእኛ ቋንቋ የበሩም የሸሚዙም ቁልፍ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ የበሩ «ኪይ»፣ የሸሚዙ «በተን» ነው። አዝራር የሚለውን የዱሮ ቃል ከያዙት በአእምሯቸው ለመለየት ይረዳቸዋል፤ አዝራር «በተን»፣ ቁልፍ «ኪይ»።

ቋንቋ ወዳድ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ሁላችሁም በቅንነት እየረዳችሁ እንደሆነ አያለሁ፤ ነገር ግን ቃላቱን በእኛ ፊደል እየጻፋችሁ መስጠታችሁን ልቃወም እወዳለሁ። ፊደላችን የእንግሊዝኛን አናባቢዎች አይለይም። የራስ ቆብ የሆነው «ካፕ» እና የቡና መጠጫው «ካፕ» በእኛ አጻጻፍ አንድ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ባርኔጣና ጎጆ ሁለቱም «ሃት» ሆነው ይጻፋሉ። ልብስ ለማለት «ክሎውዝ» ብለን የምንጽፈው ቃል ውስጥ ምላስን በጥርሶች መካከል የሚያደርግ ድምፅ አለ፤ ፊደላችን ለዚያ ድምፅ ምልክት የለውም። እናት ከጅምሩ በተሳሳተ ድምፅ ከያዙት በኋላ ማረም ይከብዳል።

መምህርት ዘወሎ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ወንድሜ ያሉት ስለ ድምፁ እውነት ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ለወጣቶች በፊደላችን አልጽፍም። የእኒህ እናት ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ማንበብ የሚችሉበት አንድ ፊደል አላቸው፣ ነገ ጠዋትም ሥራ ይገባሉ። ቃሉን በሚያውቁት ፊደል ጽፎ፣ ድምፁን ልጃቸው እያሰማች ብትሰጣቸው ፊደሉ ማስታወሻ እንጂ መምህር አይሆንም። ድምፁ የሚታረመው በጆሮ ነው።

ለአነባበቡ ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ሸርት» እና «ሾርት» ሲቀራረቡ ሸሚዝና ቁምጣ ይቀያየራሉ፤ እነዚህን ጎን ለጎን አድርገው ያለማምዷቸው። ልብስ ማለት «ክሎውዝ» ሲሆን ነጠላ መልክ የለውም፤ አንዱን ለመጥቀስ ስሙን ራሱን መጥራት ነው። «ክሎት» የሚለው አጭሩ ቃል ግን ጨርቅ ማለት ነው፤ የእናትዎ የሥራ ቦታ ላይ ደግሞ ጠረጴዛ የሚጠረግበት ጨርቅ ሊሆን ይችላል። የእንግዳ ልብስ አምጪ ሲባሉ መወልወያ ይዘው እንዳይሄዱ ይህን በጥንቃቄ ያስረዷቸው።

የእናቷ ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አንሥቻለሁ። የለንደኑን ወንድማችንን መልእክት ሳነብላት እናቴ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና «እንኪያስ አልተሳሳትኩም» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ፊቷ ተፈታ። በር ላይ የሚደረገውን ልምምድ ጠዋት ጠዋት እንሠራዋለን። ትናንት ካፖርቷን እየለበሰች «ዌሪንግ» ካለች በኋላ ራሷ ቆም ብላ «ፑቲንግ ኦን» ብላ አረመችው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በልብሶቹ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ የትኛው በሙቅ ውኃ እንደሚታጠብ ሌላ ሰው ትጠይቃለች። መጠየቁ ያሳፍራታል።

ልብስ ሰፊው | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ያቺ ጨርቅ «ሌብል» ወይም «ታግ» ትባላለች። ደስ የሚለው ነገር ብዙውን ጊዜ ከጽሑፉ ጋር ሥዕል አለባት፤ ሥዕሉን የሚያውቅ ሰው ያለ ፊደል ይሠራል። ውኃ የያዘ ገንዳ የሚመስለው መታጠብን ያመለክታል፤ ገንዳው ውስጥ እጅ ካለበት በእጅ ብቻ ነው። ሦስት ማዕዘን ስለ ማንጫ ኬሚካል ይናገራል። በአራት ማዕዘን ውስጥ ክብ ያለበት የማድረቂያ ማሽን ነው። ብቻውን የቆመ ክብ ልብሱ በደረቅ እጥበት እንደሚጸዳ ያሳያል። በማናቸውም ላይ የመስቀለኛ ጭረት ካለ ክልክል ነው።

ካውያው ላይ ነጥቦቹን ይቁጠሩ፤ አንድ ነጥብ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሁለት ነጥብ መካከለኛ፣ ሦስት ነጥብ ከፍተኛ ሙቀት ማለት ነው። አንድ ነጥብ ያለበትን ልብስ በሦስት ነጥብ ሙቀት የነካ ሰው ልብሱን ከካውያው ላይ ነው የሚልጠው። ከጽሑፉ ደግሞ «ኮተን» ጥጥ፣ «ዉል» የበግ ጠጉር፣ «ሲልክ» ሐር እንደሆኑ ካወቁ ለጊዜው ይበቃቸዋል። ጥጡ ሙቀት ይችላል፤ የበግ ጠጉሩ በሙቅ ውኃ ተኮማትሮ የልጅ ልብስ ያህላል።

የእናቷ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬ የምጽፈው እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያለች ነው፤ ቃሏንም እንዳለ እጽፋለሁ። «ልጆቼ፣ እድሜና ጤና ይስጣችሁ። ትናንት የአንድ ሠራተኛ ጃኪት አዝራሩ ተበጥሶ አገኘሁና ለኃላፊዋ ወስጄ ‹ኖ በተን› አልኳት። ገባት። ክርና መርፌ ሰጠችኝ፣ ሰፋሁት። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ከእኔ ጋር የምትሠራ የሳልቫዶር ሴት ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አውቶቡስ ጣቢያ አግኝታኝ ነጠላዬን በእጇ ዳሰስ አድርጋ ምንድን ነው አለችኝ። መልስ አጣሁ። ምን ልበላት?»

መምህርት ዘወሎ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እናቴ፣ ስሙን አይቀይሩት፤ ነጠላ ይበሏት። ጂንስንም ፒጃማንም እንግሊዝኛ ከሌላ ቋንቋ ወስዶ ነው ስማቸውን የሚጠራው። ከዚያ «ኤ ዋይት ኮተን ሾውል» ብለው ያክሉላት፤ ነጭ የጥጥ የትከሻ ልብስ ማለት ነው። ጋቢን ካነሡ ደግሞ አራት እጥፍ ስለሆነ «ቬሪ ቲክ» ይበሉ፤ በጣም ወፍራም ማለት ነው።

የእናቷ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል

አንብቤላት ሦስት ጊዜ ደገመችው። አሁን ደግሞ «ሴትዮዋ የዳሰሰችው ጥለቱን ነው፤ ጥለቱንስ ምን እላለሁ?» ትላለች።

ልብስ ሰፊው | እሑድ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

«ቦርደር» ይበሏት። የመስቀል ምልክት ያለበት ከሆነ «ክሮስ» ብለው በጣታቸው ያሳዩአት።